ለእህቴ መልስ ክራር ልጫወት ነው፤ ምን ልልበስ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ከጠፋሁ ቆየሁ አይደል? ክራር እየተማርኩ ነው። ትዝታና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች እጄ ገብተዋል፤ አንቺሆዬ ግን ገና ያንገላታኛል። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው፣ እማዬ ደግሞ «በመልሱ ቀን ካልተጫወትክ ልጄ አይደለህም» ብላለች። ሽሮ ሜዳ ያሰፋሁት የሀገር ልብስ እጅጌው ሰፍቶ የክራሩን ክር እየነካ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ ፩፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ልብስ ሰፊው ጥለቱን ሳይነካ እጅጌውን ያጠብብልሃል። ጋቢ ግን እንዳትደርብ፣ ስትጫወት ትከሻህ ላይ አይረጋም።

መልስ ፪፦ ኧረ ልብሱን ተወውና ቅኝቱን አስብ! ከትዝታ ወደ ባቲ ልትቃኝ ስትጎነበስ እንግዳው ወሬውን ይጀምራል። ሁለተኛ ክራር ተዋስና ሁለቱንም ቀድመህ ቃኝተህ ግባ።

ጠያቂ፦ ይህስ ልክ ነው፣ መምህሬን እለምናለሁ። ጋቢውን አባዬ ወስዶታል፤ እስክስታ እወርዳለሁ እያለ ከወዲሁ እየዛተ ነው።