የቺፕ ፋብሪካው ሥራ ዜግነቴ ላይ ቆመ

ሰዒድ (ፊኒክስ)፦
ሰላም ጀመዓ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅኩ ነው፤ የሥራ ፈቃዱ ግን በእጄ አለ። ለቺፕ (ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ አካል) ፋብሪካዎች ማሽን የሚገጥም ድርጅት ፈትኖኝ «ሰኞ ጀምር» አለኝ። ኮምቦልቻ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ሜዳ ላይ አልቀረም ብዬ አለቀስኩ። ዓርብ ማታ ቅጽ መጣ፦ የየት አገር ዜጋ ነህ? ግሪን ካርድ አለህ? ጥገኝነትህ ጸድቋል? እውነቱን ሞላሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት መልሱ «እየታየ ነው» ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ደርሷል፤ አጎቴም የጣሪያውን ቆርቆሮ ብር በየቀኑ ይጠይቀኛል። ልጠብቅ ወይስ መጋዘን ልመለስ?

ጋሽ ይማም (ዳላስ)፦
አብሽር ሰዒድ፣ ጥፋት የለብህም። በአሜሪካ ሕግ ወደ ውጭ መውጣቱ ቁጥጥር ያለበትን ቴክኖሎጂ እዚሁ አገር ውስጥ ለውጭ ዜጋ ማሳየት ወደ ዜግነቱ አገር እንደ መላክ ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ከዚህ ነፃ ነው፤ ውሳኔ የሚጠብቅ ግን አይደለም። እንደ ቴክኖሎጂው ዓይነት ድርጅቱ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ሊኖርበት ይችላል።

ነገሩ የከረረው አሜሪካ እጅግ የረቀቁ ቺፖችና መሥሪያ ማሽኖቻቸው ቻይና እጅ እንዳይገቡ ስለከለከለች ነው። ረቂቆቹን ቺፖች በአብዛኛው የሚሠራው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። እነሱን የሚያትመውን ማሽን ደግሞ ከኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል በቀር የሚሠራ የለም፤ የቀለጠ ቲን የሚባል ብረት ጠብታ በሰከንድ 50,000 ጊዜ በሌዘር እየመታ ነው ብርሃኑን የሚያወጣው። ይህ ማሽን ለቻይና ተሸጦ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2022 ደግሞ አሜሪካ ክልከላውን አሰፋችው። በዚያው ዓመት ፋብሪካዎቹን ወደ አገሯ ለማምጣት 52.7 ቢሊዮን ዶላር መድባለች። አንተ ያለህበት ከተማ በፋብሪካ የተሞላው ለዚህ ነው።

ዘሃራ (ሚኒያፖሊስ)፦
ጋሽ ይማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ኮምቦልቻ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከጦርነቱ ተርፋ ወደ ሥራ ልመለስ ስትል፣ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ተሰረዘች። «ትእዛዝ የለም» አሏት። ባጇ ዛሬም እናቴ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲህ ወጪዋ በእኔ ነው።

ጋሽ ይማም፦
አጎዋና ይህ አንድ አይደሉም ልጄ። ዩክሬን ላይ በወደቁ የሩሲያ ሚሳይሎች ውስጥ የአሜሪካ ቺፕ ተገኝቷል። መንግሥት ዝም ይበል?

ዘሃራ፦
ተገኘ እኮ! ክልከላው እያለ ሚሳይሉ ጋ ደርሷል። በሩ የተዘጋው ሰዒድ ላይ ነው።

ከድር (ስቶክሆልም)፦
ኮምቦልቻ ስትሉ ሆዴ ተላወሰ። ከደሴ ጉም ወጥተን ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ፣ በመስኮቱ የሚገባው ሙቀት ፊቴን የሚነካኝ ይመስለኛል። ሰዒድ ወንድሜ፣ ለአጎትህ እውነቱን ንገረው። እኔ ችግሬን ደብቄ ሦስት ዓመት ገንዘብ ስልክ እዳ ውስጥ ገብቼ፣ ለአባቴ ቀብር እንኳ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጫ አጣሁ። አገር ቤት ያለ ሰው ካልነገርነው አያውቅም።

ሰዒድ፦
አላህ ይስጣችሁ። ከነገ ጀምሮ መጋዘን የማታ ፈረቃ እገባለሁ፤ ለአጎቴም ዛሬ እደውላለሁ። ጋሽ ይማም፣ ድርጅቱ ፈቃዱን በእውነት ጠይቆልኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ጋሽ ይማም፦
ዘሃራ፣ ሚሳይሎቹ ውስጥ የተገኙት አብዛኞቹ ገበያ ላይ የሚሸጡ ተራ ቺፖች ናቸው። ረቂቆቹ ላይ ክልከላው ይይዛል። ቻይናም እኮ በ2023 ለቺፕ መሥሪያ የሚሆኑት ጋሊየምና ጀርማኒየም የሚባሉ ማዕድናት ያለ ፈቃድ ከአገሬ አይወጡም ብላለች፤ ሁሉም በእጁ ያለውን ቁልፍ ይዟል።

ዘሃራ፦
ታዲያ በዚያው ዓመት የቻይናው ሁዋዌ ያወጣው ስልክ ቺፕ 7 ናኖሜትር የሚባለው፣ ከረቂቆቹ አንዱ አልነበረም? ቻይና ውስጥ፣ ኤስኤምአይሲ የሚባል የአገሩ ቺፕ ሠሪ ነው የሠራው።

ጋሽ ይማም፦
ነበር። ግን በቀድሞው ትውልድ ማሽን ደጋግመው በማተም ነው፤ ድካሙም ወጪውም ብዙ ነው። ነገ ከሥራ ስመለስ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።