እናቴ የአኩሪ አተር ካፕሱል አብዝታ ወሰደች፣ ምን ላድርግ?

የሃያ ሁለቷ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! እማዬ 54 ዓመቷ ነው፣ ካረጠች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለሙቀቱና ለሌሊቱ ላብ አይሶፍላቮን (ከአኩሪ አተር የሚወጣ፣ ኢስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገር) በቀን አንድ ትወስድ ነበር፣ ባለ 40 ሚሊግራም። እሱ አለቀና ከአሜሪካ ሌላ ተላከላት። አዲሱ ላይ 500 ይላል!! ትናንት ሁለት፣ ዛሬም ሁለት ውጣለች። አሁን ድክም ብሏት ተኝታለች፣ ድምጿ ጎርንኗል፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርባለች። ሆዷ ይታጠብ? ወተት ላጠጣት?

ቡና_ጠጡ፦
በሁዳዴ ወተት? ካፕሱሉን ቢተርፉ በሱ ያልቃሉ።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
ረጋ በይ። 500ው የኤክስትራክቱ (ከአኩሪ አተሩ የተጨመቀው ሁሉ) ክብደት እንጂ የአይሶፍላቮኑ አይደለም። ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ፐርሰንት ተጽፏል፣ እሱን ፈልጊ። 10 ከሆነ አንዱ ካፕሱል 50 ሚሊግራም ይዟል፤ 40 ከሆነ 200። ስንት ይላል?

የሃያ ሁለቷ፦
10 ይላል

መድኃኒት_ቀማሚ፦
እንግዲያው በቀን 100 ወሰዱ ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ያረጡ ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሲመረምር መጠኑ በቀን ከ35 እስከ 150 ነበር፤ በጡት፣ በማህፀንና በታይሮይድ ላይ ጉዳት የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ሆድ የሚያሳጥብ ነገር የለም፣ ከነገ ጀምሮ ወደ አንድ ይመለሱ። የሁለት ቀን አይሶፍላቮን ግን ድምፅ አያጎረንንም፣ ብርድ ብርድም አያሰኝም። እሱ ከሌላ ነው። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

ሊቀ_ጠበብት፦
ሰው ስሙን ሳያውቅ ይውጠዋል። አይሶፍላቮን አንድ ነገር አይደለም፤ ጄኒስቲን፣ ዳይድዜንና ግላይሲቲን ናቸው። በሙቀቱ ላይ የተሻለ ሠራ የተባለው ጄኒስቲን የበዛበት ነው፣ በቀን 19 ሚሊግራም ገደማና ከዚያ በላይ። ከአኩሪ አተር ጽንስ የተጨመቀው ርካሹ ዓይነት ደግሞ ጄኒስቲኑ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ያለው ከተላቀቀው ይከብዳል፤ 50 የተጣበቀ 30 የተላቀቀ ያህል ነው። ስለዚህ የሁለት ጠርሙስ ቁጥር ዝም ብሎ አይነጻጸርም። ሦስተኛ፣ ዳይድዜንን ኢኩኦል ወደሚባል ኢስትሮጅን መሰል ነገር የሚለውጡት የአንጀት ባክቴሪያዎች ሁሉም ሴት ዘንድ የሉም፤ አንቲባዮቲክም ያዳክማቸዋል። አራተኛ፣ 12 ሳምንት ሳይሞላ ሠራ አልሠራ አይባልም። በሁለት ሳምንት «አልያዘኝም» እያሉ እጥፍ የሚውጡ በዝተዋል። 150 ሚሊግራም ለ5 ዓመት በወሰዱ ሴቶች ላይ የማህፀን ግድግዳ መወፈር የታየበት የጣሊያን ጥናት አለ። ካረጡ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ከታየ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው።

ሞጋቿ፦
እኔ የማይገባኝ ከነጭራሹ ለምን እንደሚዋጥ ነው። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያ ለሙቀቱ አኩሪ አተርንም ኤክስትራክቱንም አልመከረም። ሆርሞን የሚከለክል ችግር ከሌለባቸው ሆርሞኑ ይበልጣል፣ ከከለከለም ሐኪም የሚያዝዘው ሌላ አለ። የጡት ካንሰር ታመው ታሞክሲፈን የሚወስዱማ ካፕሱሉን ጭራሽ አይንኩት።

ሊቀ_ጠበብት፦
አልመከረም ማለት ከለከለ ማለት አይደለም። የጥናቶቹ ድምር ሙቀቱን በመጠኑ ይቀንሳል ነው የሚለው። በመጠኑ!

የሃያ ሁለቷ፦
ሰዎች እማዬን አትርሱብኝ 😭 ሌላ መድኃኒት የላትም። ያቺ የእንቅርት ክኒን ብቻ ናት፣ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከወጣላት ጀምሮ የምትወስዳት። እና ካልሲየም። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሁሉንም በ9 ሰዓት ስትፈታ ባንድ ላይ ነው የምትውጠው፣ በአኩሪ አተር ወተት።

ቡና_ጠጡ፦
«ብቻ» ትላለች እንግዲህ 😂

መድኃኒት_ቀማሚ፦
ተገኘ። ያቺ ክኒን ሌቮታይሮክሲን ናት፣ የታይሮይድ (የእንቅርት እጢ) ሆርሞን ምትክ። እጢው ከወጣ ሰውነታቸው ያለው በእሷ ብቻ ነው። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይይዛታል፣ ምግብ ያስቀራታል፣ የአኩሪ አተር ወተቱም ይጨምርበታል። ደሙ ውስጥ የነበረው በሳምንት በግማሽ ነው የሚቀንሰው፣ ለዚህ ነው ችግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ያልታየው። ድካም፣ ብርድ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ምናልባት የሆድ ድርቀትም አለ፤ ሁሉም የታይሮይድ ማነስ ይመስላል። ካፕሱሉ ከመጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው፣ እኔ ዋናውን ተጠያቂ የማደርገው ካልሲየሙን ነው።

ነገውኑ ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) ያሠሩ። ክኒኗን በራሳችሁ እጥፍ አታድርጉ፣ ልብ ያስመታል። ቃል ከቀላቀሉ፣ ለመንቃት ካስቸገሩ ወይም ሰውነታቸው ከቀዘቀዘ ነገ ሳትሉ ዛሬ ድንገተኛ ክፍል።

ነጠላ_ለባሽ፦
4 ሰዓት አራርቁ።

የሃያ ሁለቷ፦
4 ሰዓት ላይ ነው? ጠዋት ወይስ ማታ?

ነጠላ_ለባሽ፦
የ4 ሰዓት ልዩነት ማለቴ ነው እንጂ!

መድኃኒት_ቀማሚ፦
ለጾመኛ ማታው ይቀላል። ካልሲየሙና ካፕሱሉ በ9 ሰዓት ከምግብ ጋር። እራት 1 ሰዓት ላይ ያለቀ፣ ከዚያ ምንም የለም። ያቺ ክኒን ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ በውሃ ብቻ። ከእራቱ 3 ሰዓት፣ ከካልሲየሙ 7 ሰዓት ራቀች ማለት ነው። የጾም ማኪያቶም በአኩሪ አተር ወተት ስለሚሠራ እራት ላይ አይጠጡት። ከፋሲካ በኋላ ወደ ጠዋት ከመለሷት ቁርሱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ካልሲየሙ ደግሞ 4 ሰዓት ሙሉ። ሰዓቱ ከተስተካከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ቲኤስኤች ይደገም።

እትዬ_ጥሩ፦
ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለም። የንስሐ አባቷን ጠይቂልኝ።

ነጠላ_ለባሽ፦
4 ሰዓት አራርቁ ብዬ ነበር

ፀጉር_ቤት፦
ማንም ያላየው አንድ ነገር፦ ከአሜሪካ የሚመጡት የሴቶች ካፕሱሎች ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይደባለቅባቸዋል። ባዮቲን የቲኤስኤች ምርመራን ያሳስታል፤ በብዙ ማሽኖች ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ሐኪሙ ክኒኗ በዝታለች ብሎ ሊቀንስ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ ካለ ደም ከመሰጠቱ ቢያንስ 2 ቀን በፊት ካፕሱሉ ይቁም። ምርመራው አይቆይም ካላችሁ ደግሞ መውሰዳቸውን ለላቦራቶሪው ተናገሩ።

መድኃኒት_ቀማሚ፦
ትክክል፣ አምልጦኝ ነበር። የሃያ ሁለቷ፣ ጠርሙሱን ገልብጠሽ እዪ፣ ባዮቲን አለው?

ቡና_ጠጡ፦
የሃያ ሁለቷ? ኧረ አለሽ?