ደንቢያ ላይ ሙዝ ይተከል ወይስ ቡና?

የአዘዞው፦ ጎንደር ገበያ የምንገዛው ሙዝ ከአርባ ምንጭ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የመጣ ነው። ደንቢያ ጣና አጠገቡ እያለ ለምን? ቡና ይሻላል የምትሉ፣ ገበሬው የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪለቅም 3 ወይም 4 ዓመት ምን ይብላ? ሙዝ በዓመት ግድም ይደርሳል፤ ያፈራውን ግንድ ስትቆርጠው ከሥሩ የበቀለው ልጁ ይተካል።

የዘጌው፦ ወንድሜ፣ ስለ ጉሮሮ ያነሳኸው እውነት ነው። ግን ዘጌን እየው። ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር በክረምቱ ዝናብ ይኖራል። በሬ ጠምዶ ማረስ እዚያ ከጥንት ክልክል ስለሆነ ደኑም አብሮ ቆየ። ልጅ ሆኜ አያቴ ጓሮ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርገው አፈሩ በበጋ እንኳ እርጥብ ነበር። ሙዝ ግን በጋውን ሙሉ ውኃ ይፈልጋል። ሁሉም ሞተሩን ጣና ላይ ከደቀነ እምቦጭ ያደከመው ሐይቅ እንዴት ይችለዋል?

የበለጠ የሚያስፈራኝ በሽታው ነው። የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፤ ከእናቱ ሥር እየተነቀለ ስለሚተከል ሁሉም አንድ ነው፤ አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። ቀድሞ የዓለምን ገበያ የያዘውን ግሮስ ሚሼል የተባለ ዝርያ የአፈር ፈንገስ ከገበያ አወጣው። የዛሬውን ዝርያ የሚያጠቃው አዲሱ ፈንገስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ ተገኝቷል። አንዴ አፈር ከገባ ለአሥርተ ዓመታት አይወጣም።

የአዘዞው፦ ቡናስ ጻድቅ ነው? የፍሬ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ስንቱን አደኸየ! የማጠቢያው ፍሳሽ የጅማን ወንዞች ሲያበላሽስ?

የዘጌው፦ ፍሳሹን አልክድም። በሽታውን የሚቋቋም ቡና ግን ከራሳችን ቡና መካከል ተመርጦ ተገኘ። ሙዝ ይህን የሚያህል የዘር ሀብት እዚህ የለውም።

የቆላድባው፦ ልጆቼ፣ ዋልካውን ረሳችሁት። ነሐሴ ላይ ማሳችን ውኃ ይተኛበታል። አምና 20 የቡና ችግኝ ተከልሁ፤ ሜዳው ላይ ያሉት ቢጫ ሆነው ሞቱ፣ የተረፉት ከአጥሩ ሥር ከፍ ያለው ቦታ ላይ የነበሩት 6ቱ ናቸው። ሙዝም ሥሩ ውኃ ውስጥ ከከረመ አይሆንለትም። አሁን እዚያው ከፍታው ላይ ሙዝ ልጨምር ነው፤ ዋንዛው እስኪያድግ ለቡናው ጥላ ይሁነው፣ እኔም ቶሎ እሸጠዋለሁ። የሙዙን ልጅ ከአርባ ምንጭ በሚመጣ መኪና አዝዣለሁ።

የዘጌው፦ ጋሼ፣ አብሮ መትከሉን ወድጄዋለሁ። ግን እባክዎ ከሰው ማሳ ተነቅሎ ከነአፈሩ የመጣ እንዳይቀበሉ፤ ፈንገሱ የሚጓዘው በእሱ ነው። በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ላቦራቶሪ ውስጥ ከንጹሕ የተክል ቁራጭ የተባዛ ችግኝ እስኪያገኙ አንድ ክረምት ቢቆዩ ይሻላል።