የአዛውንቶች ታሪክ ቀድተን የኪነ ጥበብ ምሽት ልናዘጋጅ ነው፤ ጅማ ላይ የመንግሥት ድጋፍ የት፣ እንዴት ይጠየቃል?

የኮቺዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነኝ። አሥራ አንድ ወጣቶች ሆነን ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አዛውንቶች ቤት እየዞርን ጨዋታቸውን በስልክ እንቀዳለን። የሂርማታ ገበያ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ግጥም፣ በርጩማ እንዴት እንደሚጠረብ፣ ያገኘነውን ሁሉ። እስካሁን የ14 ሰው ድምፅ አለን። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ ከቀዳናቸው በኋላ አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ነገሩ እንቅልፍ የነሣኝም ለዚህ ነው።

ከቀረጻው አጠር ያለ ቴአትር አውጥተን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ምሽት ልናሳይ፣ ታሪኮቹንም በትንሽ መጽሐፍ 300 ቅጂ ልናሳትም አስበናል። ጥር ላይ «የገንዘብ ድጋፍ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባን። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በሳምንቱ ስንመለስ ደብዳቤው የለም። ሌላ ጽፈን ወሰድን። ይኸው ሚያዝያ ገባ፤ ትናንት ደግሞ «ጉዳያችሁ እኛን አይመለከትም» ተብለን ተመለስን።

ለመሆኑ የሚመለከተው ማንን ነው? ካልተመዘገብን ምንም አናገኝም? ከመንግሥት እውነት የሚገኝ ነገር ካለ፣ ያለፈበት ሰው መንገዱን ያሳየን።

አወቱ ዳር

እህቴ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድና በጀት ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን። ጅማ ውስጥ ሁለት አስተዳደር አለ፤ የጅማ ከተማ አስተዳደርና የጅማ ዞን አስተዳደር። የዞኑ መሥሪያ ቤቶችም የሚገኙት እዚሁ ከተማ ስለሆነ ሰው በሩን ያምታታል። እናንተ የኮቺ ልጆች ስለሆናችሁ ጉዳያችሁ የከተማው ነው። የከተማውን ባህልና ቱሪዝም፣ ቀጥሎ ወጣቶችና ስፖርት የሚባለውን ጠይቁ። ነገ ሰቃ፣ ማና ወይም ቀርሳ ወርዳችሁ ከቀረጻችሁ ግን የዞኑንና የወረዳውን በር ማንኳኳት ግድ ነው። «አይመለከተንም» ያለሽ ሰውዬ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢነግርሽ ሦስት ወር ባልጠፋ ነበር።

ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፍ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። በአማርኛ የገባውን አይጥሉትም፤ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካልተረጎመው ወደ ላይ አይሄድም። በዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ። ለኃላፊው በእጅ አትስጪ፣ ለጸሐፊዋም ጠረጴዛ ላይ ትተሽ አትውጪ። መዝገብ ቤት ግቢ፤ ትልቁ መዝገብ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሲሰጠው ቆመሽ እዪ፤ ያው ቁጥር ባንቺ ቅጂ ላይም ተጽፎ ማኅተም ይረፍበት። ከዚያ በኋላ ስትመለሺ «ደብዳቤያችን ምን ደረሰ?» አትበዪ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር የገባው ለማን ተመራ?» በዪ። የተመራለት ሰው ስም አለው፤ እሱን ታገኚዋለሽ።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ «የገንዘብ ድጋፍ» የሚለው ርዕስ ራሱ ነው የገደላችሁ። የመሥሪያ ቤት በጀት በሒሳብ መደብ የታሠረ ነው። ኃላፊው ቢወዳችሁም ላልተመዘገበ፣ ቲን ለሌለው፣ ደረሰኝ ለማይሰጥ ቡድን ብር አውጥቶ መስጠት አይችልም፤ ኦዲት ይጠይቀዋል። በእጁ ያለው ሌላ ነው፦ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ መኪና፣ ሸኚ ደብዳቤ። እሱን ጠይቁት። እምቢ ለማለት ምክንያት ያጣል።

በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አሁን ያለው ገንዘብ ወደ ማለቁ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግን በዚህ ሰሞን ነው የሚሠራው። የመጽሐፉን ነገር ለዚያ አቆዩት።

ጅሬን 7

አወቱ ዳር የጻፈው አሠራር ሁሉ ልክ ነው፤ ገንዘብ አትጠይቁ ወደ ማለት ማዘንበሉ ግን አልተዋጠልኝም። የሕግ ባለሙያ ነኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የታሪክና የባህል ቅርስን መንከባከብን፣ ሥነ ጥበብን ማስፋፋትንም የመንግሥት ኃላፊነት ያደርገዋል። አንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን ማስፋፋት ግዴታው ነው ይላል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ መውጫ ቀዳዳ መሆኗን አውቃለሁ። ቢሆንም ማንም ካልጠየቀ አቅሙ መቼም አይፈቅድም። ዕቅድ ውስጥ የማይገባ ነገር በጀት አይኖረውም፣ ዕቅድ ውስጥ የሚገባው ደግሞ የሚጮህለት ሰው ያለው ነው። የመንገድና የውኃ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ለልጆቻችን ቴአትር ምን ተያዘ?» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የከተማውን በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። አባላቱ የተመረጡት በእኛ ነው። ከሰኔ በፊት የአካባቢያችሁን የምክር ቤት ተወካይ ፈልጋችሁ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ስጡትና ሁለት ቀረጻ አሰሙት። ወረቀቱን ይረሳው ይሆናል፤ የሟቹን አዛውንት ድምፅ ከሰማ ግን አይረሳም።

ስለ ምዝገባ፦ አማራጩ ሦስት ነው። ቀላሉ በባህል መሥሪያ ቤቱ ወይም በወጣት ማዕከል ሥር እንደ ኪነ ጥበብ ክበብ መታቀፍ ነው፤ አዳራሽና ልምምድ ለማግኘት ይበቃል። ሁለተኛው በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት ሲሆን ንግድ ፈቃድና ቲን ያመጣል፤ መሥሪያ ቤት አገልግሎታችሁን በፕሮፎርማ ሊገዛ የሚችለው ያኔ ነው። ግብሩም አብሮ እንደሚመጣ ግን አትርሱ። ሦስተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው። በየዓመቱ ሪፖርት አለው፤ ለአሥራ አንድ ሰው በዚህ ደረጃ ሸክሙ ይበዛል። እኔ ብሆን በክበብ ጀምሬ ዓመት አያለሁ።

የድሮ ኪነት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ወጣትነቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን አዳራሹ ነው። ቁልፉ ዘበኛው ቤት ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ ማናችንም አውርደን እንከፍታለን። መብራት ሲጠፋ በፋኖስ እንለማመድ ነበር። ከእኛ መካከል ኋላ ጥሩ ዘፋኝ፣ ጥሩ መምህር የወጣው በዚያች ክፍል ነው። ስለዚህ ለአንድ ምሽት ብቻ አትጠይቂ። በሳምንት ሁለት ቀን የመለማመጃ ክፍል ጠይቂ። ከብር ይበልጥብሻል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ያኔ ግጥማችንን ካድሬ ሳያየው መድረክ ላይ አይወጣም ነበር። አንድ የሰርግ ጨዋታ ቆርጠውብን መፈክር አስገቡበት፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ድጋፍ ስትቀበሉ የሥራው ይዘት የእናንተና የተናጋሪዎቹ መሆኑን ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር አስፍሩ። ባይጠየቅም ይጻፍ።

የኮቺዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመለማመጃ ክፍሉን ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር፤ እስካሁን በአንዷ ልጅ ግቢ ነው የምንለማመደው፣ ዝናብ ሲጥል እንበተናለን። አወቱ ዳር፣ ደብዳቤው ምን ይምሰል? አንዴ ብታሳየን አፋን ኦሮሞውን እኛ እንመልሰዋለን።

አወቱ ዳር

ይኸውልሽ። አጭር ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ።

«ጉዳዩ፦ አዳራሽና ድምፅ ማጉያ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ። በኮቺ አካባቢ የምንኖር 11 ወጣቶች ከጥቅምት ወር ጀምሮ የ14 አዛውንቶችን የቃል ታሪክ ቀርጸናል። ይህንኑ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በተዘጋጀ ቴአትር ግንቦት 10 ቀን፣ የዓለም የሙዚየም ቀን በሚታሰብበት ዕለት፣ ለከተማው ነዋሪ በነፃ ለማሳየት አቅደናል። ስለሆነም በዕለቱ ከቀኑ 8፡00 እስከ ምሽቱ 2፡00 አዳራሹ ከነድምፅ ማጉያው እንዲፈቀድልን፣ ለልምምድም በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ክፍል እንዲሰጠን፣ ለፖሊስም ሸኚ ደብዳቤ እንዲጻፍልን በትሕትና እንጠይቃለን። የሥራው ይዘት የቡድኑና የተናጋሪዎቹ ነው።»

የሙዚየሙን ቀን ያስገባሁት በምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቶች በዓመታዊ ዕቅዳቸው የሚያከብሯቸው ቀናት አሉ፤ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ የካቲት 14 የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን፣ መስከረም ላይ የቱሪዝም ቀን። በእነዚህ ቀናት «ምን አከናወናችሁ?» ተብለው ሪፖርት ይጠየቃሉ። እናንተ የተዘጋጀ ሥራ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እነሱም ይገላገላሉ።

የቃል ታሪክ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። የኮቺዋ፣ የሠራችሁትን ሥራ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ አይደርስበትም። ሁለት ነገር ብቻ።

ፈቃድ ተቀብላችኋል? ሰው ለልጅ ልጆቹ ጓደኞች ያጫወተውንና መድረክ ላይ እንዲወጣ የሚፈልገውን አንድ አድርጎ አያይም። ስለ መሬት ጠብ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጋብቻ የተነገረ ካለ ተመልሳችሁ አሰሟቸው። ማንበብ ለማይችሉ ፈቃዳቸውን በድምፅ ቅዱት። ያረፉትን የሁለቱን ደግሞ ልጆቻቸውን ጠይቁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ አይጠብቅም። ስለዚህ ቴአትሩም መጽሐፉም የማን ስም እንደሚወጣበት ከአሁኑ ተስማሙ፤ ገንዘብ ሲመጣ ጓደኝነት ይፈተናል።

ሁለተኛው፣ ድምፁ ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥ። ሁለት ቦታ ገልብጡት፤ እያንዳንዱን ፋይል ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ የተናጋሪውን ስም እየጻፋችሁ ሰይሙት። አንድ ቅጂ ለጅማ ሙዚየም አበርክቱ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች እዚያ አሉ፤ ለዕቃው የሰው ድምፅ የሚጨምርለት ግን እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቅ ስለሆነ የቋንቋ፣ የፎክሎርና የታሪክ መምህራኑን በማኅበረሰብ አገልግሎት በኩል አነጋግሩ። ቀረጻውን በጽሑፍ የሚገለብጡ ተማሪዎች ማግኘት ብቻ የወራት ሥራ ያቀልላችኋል።

ዋንዛ

ጠራቢ ነኝ። ስለ በርጩማ ቀድተናል ስትዪ ደስ አለኝ። ተሰብሳቢው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ እንደሚወጣ፣ ሦስቱም እግር ያለ ሚስማር ያለ ማጣበቂያ ከዚያው ከአንዱ እንጨት እንደሚፈለቀቅ በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ይየው። በዕለቱ ግማሽ የተጠረበ ዋንዛ ከነመሮዬ ይዤ መጥቼ በሩ ላይ እሠራለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን ሼድ ያገኘነው ከረጅም መመላለስ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ምልልሱ አያሰልቻችሁ።

የኮቺዋ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ ጽፈን ለከተማው አስገባን፤ የገቢ ቁጥሩ በእጄ ነው። ለማን እንደተመራ ጠየቅን፣ ሰውዬውን በአራተኛው ቀን አገኘነው፤ ስልኬን አውጥቼ አንድ ቀረጻ አሰማሁት። እናቱም ያንኑ የሠርግ ዘፈን ይዘፍኑት እንደነበር ነገረኝና ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

ለግንቦት 10 አዳራሹ በሌላ ዝግጅት ተይዟል፤ ስለዚህ ለግንቦት 24 ተፈቅዶልናል። ሰኞና ሐሙስ ከ11፡00 ሰዓት ጀምሮ የመለማመጃ ክፍል አግኝተናል። የምክር ቤት ተወካያችን ወረቀታችንን ተቀብለዋል፤ የመጽሐፉ ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይቅረብ ብለዋል፣ እሱን ገና እንከታተላለን። ከሟቾቹ የአንዷ ልጅ ፈቀዱ፤ የሌላኛው ቤተሰብ አንዱ ታሪክ እንዲቀር ስለጠየቁ አውጥተነዋል።

ወንድሜ ዋንዛ፣ ከቀኑ 8፡00 ላይ በሩ ጋ ቦታ ይዘንልሃል። አሁን የቀረን ማይክ ነው፤ አዳራሹ ያለው ሁለት ሲሆን ቴአትሩ ላይ ስድስት ሰው ነው የሚናገረው። ለአንድ ቀን አራት ማይክ የሚያውሰን ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ መጥተን እንወስዳለን፣ በማግስቱ ጠዋት እንመልሳለን።