በስሜ የስልክ መስመር ተከፍቶ ዕዳው ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ እጅ) ገባ፤ ልክፈል ወይስ ልሟገት?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ መጣልኝ፤ 2,846 ዶላር ክፈይ ይላል። ዕዳው የስልክ ነው። የሚገርመው የዚያ ስልክ ድርጅት ደንበኛ ሆኜ አላውቅም። እኔና ባለቤቴ ሌላ ጋ ነን፣ ቢላችንም በሰዓቱ ነው የሚከፈለው። ደውዬ ሳጣራ በስሜና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬ አራት መስመር ተከፍቷል፣ ሁለት አይፎን በወር ክፍያ ተወስዷል፣ ከዚያ ክፍያው ቀጥ። ቢሉ የሚላክበት አድራሻ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። እኔ እዚያ ኖሬ አላውቅም።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ደግሞ ጭራሽ «ትንሽም ቢሆን ክፈዪና አካውንቱን እናስተካክለው» አለችኝ። እኔ አልከፈትኩትም ስላት፣ ማንነትሽን ለማረጋገጥ የአካውንቱን ፒን ንገሪኝ አለች። ያልከፈትኩትን አካውንት ፒን ከየት ላምጣው?

ቤት ለመግዛት ጀምረን ነበር። ብድሩን የያዘው ሎን ኦፊሰር ክሬዲቴን (የብድር ታሪኬን) አይቶ ይሄ ነገር ሳይነሳ ብድሩ አይታሰብም አለ። ባለቤቴ ከፍለን እንገላገል ይላል። ያልበላሁትን ልክፈል? የደረሰበት ሰው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ።

ደሬ ዳላስ

አትክፈይ። አምስት ሳንቲም እንዳትሰጫቸው። ባልሽ መገላገል ፈልጎ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን አይገላገልም። ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ቢከፈልም ከክሬዲት ሪፖርት ላይ አይጠፋም፤ «ተከፍሏል» ተብሎ እስከ 7 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በዚያ ላይ በብዙ ስቴት ትንሽ መክፈል የመክሰሻ ጊዜውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል፣ ዕዳውን ያመንሽም ያስመስላል።

በስልክ መጨቃጨቁንም ተዪው። ዛሬውኑ የኤፍቲሲ (የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን) ድረ ገጽ ላይ ግቢ፣ አይደንቲቲቴፍት ዶት ጎቭ ነው የሚባለው፣ የመንግሥት ነው፣ በነጻ ነው። የሆነውን ስትሞዪለት ሪፖርት ያወጣልሻል፣ እሱን አትሚው። አንዳንዱ ድርጅት የፖሊስ ሪፖርትም ስለሚጠይቅ ያንኑ ወረቀት ይዘሽ ሰፈርሽ ወዳለው ጣቢያ ጎራ በይ።

ቀጥሎ የሰውን ክሬዲት ለሚመዘግቡት ሦስት ቢሮዎች፣ ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን ደብዳቤ። እዚህ ጋ ልብ በይ። ብዙ ሰው ድረ ገጻቸው ላይ «ዲስፒዩት» (ተቃውሞ) የሚለውን ይጫንና ቁጭ ይላል። ያ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይፈጃል፤ ቢሮው የስልክ ድርጅቱን ይጠይቃል፣ ድርጅቱ ኮምፒውተሩን አይቶ «አዎ የሷ ነው» ይላል፣ አለቀ። አንቺ የምትጠይቂው «ብሎክ» እንዲደረግ ነው። የክሬዲት ሪፖርት ሕጉ ክፍል 605ቢ ላይ አለልሽ፣ ደብዳቤሽ ላይ ቁጥሩን ጥቀሺው። የኤፍቲሲውን ሪፖርት፣ የመታወቂያሽን ኮፒና የትኛው አካውንት ያንቺ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዘሽ ከላክሽ፣ በደረሳቸው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ አለባቸው።

ለዕዳ ሰብሳቢውም ጻፊ። ደብዳቤው በደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምሽ፣ ማስረጃ እስኪያመጡ መጠየቃቸውን ማቆም ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ያን ደብዳቤ የትም አትጣዪው፣ ፖስታውንም ጭምር።

ሚሚ ቪኤ

ደሬ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሁሉንም በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው፣ ሪተርን ሪሲት (ተቀባዩ የሚፈርምበት የመረከቢያ ካርድ) ያለው። ያቺ አረንጓዴ ካርድ ተፈርማ ስትመለስልሽ (ሌላኛዋን ማለቴ አይደለም) ከሪፖርቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጫት። አልደረሰንም ማለት ይወዳሉ።

ሦስቱም ቢሮዎች ጋ ክሬዲትሽን ፍሪዝ አድርጊ፣ ማለትም በስምሽ አዲስ አካውንት እንዳይከፈት ዝጊው። ከ2018 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ነጻ ነው፣ ማንም 10 ዶላር ክፈይ ካለሽ ትክክለኛው ገጽ ላይ አይደለሽም። ግን በሦስቱ እንዳታቆሚ! ሰው የማያውቀው አራተኛ አለ፣ ኤንሲቲዩኢ ይባላል፣ የስልክ፣ የኬብልና የመብራት ድርጅቶች የደንበኛ መረጃ የሚለዋወጡበት ነው። አንዳንድ የስልክ ድርጅት አዲስ መስመር ሲከፍት የሚያየው እሱን ነው። ሦስቱን ዘግተሽ እሱን ከተውሽው የፊት በር ቆልፎ የጓሮውን እንደመተው ነው። እሱንም በነጻ ይዘጉልሻል።

ሌላ፣ ለስልክ ድርጅቱ የማጭበርበር ክፍል (ፍሮድ ዲፓርትመንት በያቸው፣ ተራውን ደንበኛ አገልግሎት ተዪው) ጻፊና አካውንቱ ሲከፈት የተሞላውን ማመልከቻና የግዢውን መረጃ በሙሉ ጠይቂ። የዚያው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ክፍል 609ኢ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ መስጠት አለባቸው። አካውንቱ የትኛው ሱቅ ውስጥ እንደተከፈተ፣ ምን መታወቂያ እንደቀረበ፣ አይፎኖቹ የት እንደተላኩ እዚያ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ዝም ካሉሽ ኤፍሲሲ (የስልክ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ አስገቢ። ኤፍሲሲ ወደ ድርጅቱ ሲመራው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ያን ጊዜ የሚደውልልሽ ሰው ራሱ ሌላ ነው፣ ትሁት ነው 😄

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪፖርቱን ጀምሬው ነበር፣ ግን አንድ ነገር አስቆመኝ። የአሌክሳንድሪያውን አድራሻ ለባለቤቴ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። የአክስቱ ልጅ እዚያ ሕንፃ ላይ ይኖር ነበር። እኔ አሜሪካ እንደገባሁ እንግሊዝኛዬ ስለማያወላዳ ፎርም ሁሉ የሚሞላልኝ ይኸው የአክስቱ ልጅ ነበር፣ የሶሻል ካርዴንም በስልኩ ፎቶ አንስቶታል፣ ለታክስ ብሎ። አሁን ባለቤቴ «ስሙን እንዳትጽፊ፣ ቤተሰብ ይበጠበጣል» እያለኝ ነው።

እትዬ ዝናሽ

ልጄ፣ ወንድምን በፖሊስ መክሰስ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ወረቀት የሌለው ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣበታል። መጀመሪያ በሽማግሌ አስጠሩት፣ ሃይማኖት ካላችሁም የነፍስ አባት ይግቡበት። ገንዘቡን ራሱ ይክፈል፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ነገሩ እዚያው ይቅር። እናቱ አገር ቤት ብትሰማስ ምን ትሆናለች?

ደሬ ዳላስ

እትዬ ዝናሽ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርቁን አልቃወምም። ግን ልጁ ዛሬ ሄዶ ሙሉውን ቢከፍለው እንኳ አካውንቱ በሷ ስም እንደተበላሸ ይቀራል። ኢኩዊፋክስ የሽማግሌ ቃል አይሰማም። ያልተፈቀደ አካውንት መሆኑን የሚያረጋግጠው ያ ሪፖርት ብቻ ነው።

አንቺ ደግሞ ስሚኝ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ነገር እውነት መሆን አለበት፣ ውሸት ያስጠይቃል። «ማን እንዳደረገው ታውቂያለሽ?» ይላል። እርግጠኛ ከሆንሽ አላውቅም ብለሽ እንዳትፈርሚ። አሁን በእጅሽ ያለው ግን አድራሻ ብቻ ነው። የምታውቂውን ጻፊ፣ የማታውቂውን አትጻፊ። ምናልባት ልጁ ከዚያ ቤት ከወጣ ቆይቷል፣ ምናልባት ካርድሽን ያየ ሌላ የቤት ተጋሪ ነው፣ ማን ያውቃል። ሚሚ ያለችውን ማመልከቻ ኮፒ ጠይቂና ሲመጣ የቀረበውን መታወቂያና የተሰጠውን ስልክ ቁጥር እዩት።

ልጁን ደውላችሁ እንዳታስጠነቅቁት ብል ባልሽ ይቀየመኛል፣ ግን ቢያንስ አራቱን ፍሪዝ ጨርሺና ይደውልለት።

ሚሚ ቪኤ

የካርድሽ ፎቶ በእጁ ካለ፣ ነገሩ በስልክ መስመር ብቻ የሚያቆም አይደለም። ሶሻልሽ ሰው እጅ ካለ ታክስ ሪፈንድሽንም በስምሽ ሊሞሉበት ይችላሉ። አይአርኤስ (የግብር መሥሪያ ቤቱ) አይፒ ፒን የሚባል ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይሰጥሻል፣ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ያለሱ በሶሻልሽ ኦንላይን የተሞላ ታክስ አይቀበሉም። አውጪው። ለታክስ ሠሪሽ ካልሆነ በቀር ለማንም አትንገሪ። ታክስ ሠሪሽም ዘመድ ካልሆነ 🙈

የራስሽን ቁጥርም አትርሺ። የምትጠቀሚበት ድርጅት ጋ ገብተሽ ነምበር ሎክና ሲም ሎክ (ቁጥርሽ ያላንቺ ፈቃድ እንዳይዞር የሚቆልፉ) ካላቸው አብሪው። አንድ ቀን ስልክሽ ድንገት ኔትወርክ ካጣ ቁጥርሽን ሌላ ሲም ላይ አዙረውት ሊሆን ይችላል፤ የባንክ ኮድ የሚመጣው ደግሞ በዚያው ቁጥር ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሪፖርቱን አድራሻውን ብቻ ጽፌ ጨረስኩት። አራቱንም ዘጋኋቸው፣ ደብዳቤዎቹ ነገ ይላካሉ። ባለቤቴ አኩርፏል፣ ይለፍለታል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ክሬዲቴን ፍሪዝ ካደረግኩ የቤቱ ብድርስ?

ደሬ ዳላስ

ሎን ኦፊሰሩ ክሬዲት ከማየቱ በፊት ይደውልልሽ፣ አንቺ ለጥቂት ቀን ትከፍቺለታለሽ። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቅሽ በ1 ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው፣ የምትሰጫቸው ቀን ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ኤንሲቲዩኢውን ለሱ መክፈት አያስፈልግሽም። ብሎክ መደረጉን የሚገልጸው ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ኮፒውን ስጪውና «ራፒድ ሪስኮር» አድርግልኝ በዪው። አንቺ በራስሽ ልታስደርጊው አትችዪም፣ በአበዳሪው በኩል ብቻ ነው የሚሆነው፣ ነጥብሽን ወር ሳይጠብቅ በቀናት ውስጥ ያስተካክለዋል።