40 ተፈታኝ ብቻ ባለው ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍልን ውጤት በጾታና በመኖሪያ እንዴት ልተንትን?

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን። ትምህርት ቤቱ በወረዳ ከተማ ያለ አነስተኛ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ በዓመት 40 ገደማ። ሪፖርት የሚጠየቀው "ስንት አለፈ?" ብቻ ነው። እኔ በጾታና በመኖሪያ ከፍዬ ማየት እፈልጋለሁ። ሮስተሩና የፈተናው ውጤት በኤክሴል አለ። ከምን ልጀምር?

መልስ 1፦ በማለፊያ መቶኛ አይጀምሩ። ከ40 ተፈታኝ አንዱ ተማሪ 2.5 በመቶ ነው፤ አምና 2፣ ዘንድሮ 4 ቢያልፉ "በእጥፍ አደገ" ይባላል፣ ልዩነቱ ግን ሁለት ልጆች ናቸው። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በ3.2 በመቶ ሲሰላ፣ 40 ተማሪ ያስፈተነና ከአገሩ አማካይ የማይለይ ትምህርት ቤት ከአራት ዓመት በአንዱ በአጋጣሚ ብቻ ማንንም ላያሳልፍ ይችላል።

ስለዚህ የ3 ዓመቱን ያዋህዱ፣ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስን ይለዩ፣ የየትምህርቱን አማካይ ያውጡ። ከዚያ ከ100 በ25 ላይ መስመር ያስምሩ። ጥያቄው ባለ አራት ምርጫ ስለሆነ ሳያነብ ያጠቆረም 25 አካባቢ ያገኛል። የፊዚክስ አማካይ 27 ከሆነ ክፍሉ ገምቷል እንጂ አልሠራም፤ ለዚያ የፈተና ወር ማጠናከሪያ አይደርስለትም፣ ከ9ኛ ክፍል መጀመር አለበት።

መልስ 2፦ በጾታ ሲከፍሉ የተፈታኞችን አማካይ ብቻ ካዩ ይሳሳታሉ። የ9ኛ ክፍል ሮስተር ያውጡ። ለምሳሌ 60 ሴትና 60 ወንድ ጀምረው 14 ሴትና 26 ወንድ 12ኛን ቢፈተኑ፣ የደረሱት 23 እና 43 በመቶ ናቸው። አቋርጠው የቀሩት ስለማይቆጠሩ የ14ቱ ሴቶች አማካይ ከወንዶቹ እኩል ሊመስል ይችላል፤ ትልቁ ክፍተት ግን ያለው ከፈተናው በፊት ነው። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረን ካቋረጠ ጋር አይደባልቁ፤ መሸኛ የወሰደውን ለይተው ይመዝግቡ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሮስተሩ ላይ ግን ቀበሌ እንጂ አኗኗር የለም።

መልስ 3፦ ቀበሌ ብዙም አይረዳም። የክፍል ኃላፊ መምህራን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከወላጅ ጋር ከተማ ይኖራል? ቤት ተከራይቶ ነው? ከገጠር በእግር ይመላለሳል? የሚመላለሰውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይጠይቁት፤ ዳገትና ወንዝ ኪሎ ሜትሩን ዋጋ ያሳጡታል።

ከዚያ የቀሪ መዝገቡን በሳምንቱ ቀናት ይቁጠሩ። ተከራይ ተማሪ ስንቅ ሊያመጣ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ከሰዓት ከተመለሰ፣ በእነዚያ ቀናት የተመደበ ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ ያመልጠዋል። ይህ ከታየ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን መቀየር ብቻ በቂ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከ5 ተማሪ ያነሰ ቡድን ውጤት ግን ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። በትንሽ ትምህርት ቤት "ሦስቱ ተከራይ ሴቶች" ሲባል እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል።