«ለዘላለም» ብሎ የሚያስፈርመን ማን ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ በልማት ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአሜሪካ የመጣው ወንድማችን የተናገረው እስካሁን ያንገበግበኛል። መንዝ ያለውን የጓሳ የወል ሣር ምድር የሚያዋስኑ ገበሬዎች የመሬት አደራ ማኅበር አቋቁመው ይዞታቸውን እንዳይሸነሸንና እንዳይገነባበት «ለዘላለም» በውል እንዲያስሩት ነገረን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ተጠቃሚ ነው። የራሱ ያልሆነውን በምን ሥልጣኑ ያስራል?

ሞላሌ፦ አልሰማኸውም ማለት ነው። እዚያ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ቦርድ ይመርጣሉ፣ በበጎ አድራጎት ይመዘገባሉ። ባለመሬቱ ያርሳል፣ ያወርሳል፣ ይሸጣል፤ የሚተወው የመሸንሸንና የመገንባት መብቱን ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ እየዞረ ውሉ መከበሩን ያያል። ማሳቹሴትስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1891 የተቋቋመ የመሬት ጠባቂ ማኅበር ዛሬም አለ።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ «ይሸጣል» አልክ፤ እኛ ዘንድ አይሸጥም። «ለዘላለም» የሚለውንስ ሦስት ሥራ ፈት ልጆች ላሉት አባት ፊት ለፊት ትነግረዋለህ?

የጌራ ምድር ሰው፦ ፈረንጅ ዘንድ ምን አስኬዳችሁ? የአቅኚ አባቶቻችን የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳን «ቄሮ» በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀውታል። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ያፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምናየው ሕዝቡ መልሶ ስለያዘው ነው።

ሞላሌ፦ ጋሼ፣ ጓሳ የወል ነው፤ ክርክሩ ስለ ግል ይዞታ ነው። እኛ ሰፈር ባሕር ዛፉ ምንጩ አፍ ድረስ ተተክሏል። በበጋ ውኃው ክር ያክላል፤ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ ይመሻል። ይህን የትኛው አባት ይከለክልልን?

ደብረ ብርሃን ያለሁት፦ ያ ባሕር ዛፍ ተሸጦ ነው እኔ የተማርኩት። አሜሪካ መብቱን ለሚሰጥ ሰው ግብር ይቀነስለታል፤ ለመንዝ ገበሬ ማን ምን ይከፍለዋል? መጀመሪያ ይህን መልሱ።

ሞላሌ፦ እንግዲያው ለአምስት ዓመት ይሁን፣ «ለዘላለም» ይቅር።

የጌራ ምድር ሰው፦ ለአምስት ዓመት ከሆነማ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ ባዕድ ስም አትስጡት።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ የአምስት ዓመቱንም ቢሆን ቀበሌው ሳያውቀው ማንም አያስፈርምም።

ደብረ ብርሃን ያለሁት፦ ቀበሌውን ተወውና፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ሰፍሯል። ስብሰባችሁ ላይ ስንት ሚስት ነበረች?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ጥሪው ለሁሉም ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለሁት፦ በገበያ ቀን ጠርታችሁ?